ከእንሰቱ ጓሮ ጫፍ የቆመው ጥቁር እንጨት

ወርቅውሃ ዛፍ ስትመድብ ሜትሯን ቶሎ አታወጣም። መጀመሪያ ትቆማለች። ከግንዱ ራቅ ብላ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ በዓይኗ ትወጣበታለች። ቀጥ ያለ ነው ወይስ ያጋደለ? የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ከየት ይጀምራል? ጫፉ ላይ የደረቀ ነገር አለ? ከዚያ ቀርባ ትዞረዋለች። የተላጠ ልጥ፣ ነቀዝ ያወጣው ዱቄት፣ ከግንዱ ላይ የበቀለ እንጉዳይ ካለ ታያለች። በመጥረቢያው ጀርባ መታ መታ አድርጋ ጆሮዋን ትሰጣለች፤ ውስጡ የበሰበሰ ዛፍ ድምፁ ሰፊ ነው። በመጨረሻ ከደረቷ ትይዩ ሜትሩን ታዞርበታለች።

ከዚያ ትፈርዳለች። ቀይ ሰረዝ የተቀባ ይቆረጣል። ምንም ያልተቀባ ገና ነው፣ ይደግ። ነጭ ቀለበት የዞረበት ግን እናት ዛፍ ይባላል፤ እሱን ማንም አይነካውም። ሥራውን የማያውቅ ሰው ጥሩው ዛፍ የሚቆረጥ ይመስለዋል። ጥሩው ግን ዘር እንዲጥል ይቀመጣል። ጥሩ ጥሩው ተለቅሞ ጠማማው ከቀረ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጫካው ሁሉ የጠማማው ልጅ ይሆናል።

ወርቅውሃ የመንግሥት የደን ባለሙያ ናት፤ በዚህ ሥራ ብዙ ቆይታለች። ተወልዳ ያደገችው አረቅጥ ነው፣ ጉም ከሰው ጋር አብሮ ቤት በሚገባበት ደጋ። ወንዶ ገነት ተማረች፣ ወልቂጤ ተመደበች፣ ወልቂጤ ላይ ያሬድን አገኘች። ያሬድ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነበር፤ የመስቃን ልጅ፣ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ዘቢዳር ተራራ ሥር ካለ መንደር። የእሷ ጉራጊኛ እሱ ቤት አይሰማም፤ የእሱም እሷ ቤት አይሰማም። ስለዚህ ሁለቱ ጉራጌዎች በአማርኛ ተዋደው በአማርኛ ተጋቡ። የያሬድ አባት አቶ ወልደማርያም ይህን ለእንግዳ ሁሉ ያወሩት ነበር። "ከጉራጌ ሚስት አገኘሁ አለኝ፣ ደስ አለኝ። ከአስተርጓሚ ጋር እንደሆነች ግን አልነገረኝም" ይላሉ። ልጅ አልወለዱም። ለምን ብሎ የጠየቃቸውም ሰው በጊዜ ብዛት መጠየቁን ተወ።

በአቶ ወልደማርያም ጓሮ፣ እንሰቱ አልቆ ጫካው በሚጀምርበት ቦታ ጥቁር እንጨት የሚባለው አገር በቀል ዛፍ ቆሞ ነበር። በዚያ አገር ቤት ሊሠራ ሲታሰብ ከሁሉ በፊት የሚታሰበው ምሰሶው ነው፤ ክቡን ጣሪያ በሙሉ የሚሸከም አንድ ትልቅ ግንድ መሀል ላይ ይቆማል። አቶ ወልደማርያምም ለወንዶች ልጆቻቸው ገና በሕፃንነታቸው የምሰሶ ዛፍ ለይተው ነበር። ለታናሹ፣ አሁን አዲስ አበባ ለሚነግደው ለዮሲ የተለየው ጽድ አንድ ክረምት ነፋስ ጣለው። የያሬድ ጥቁር እንጨት ቆመ። ያሬድ ጡረታ ሲወጣ እዚያው ጎጆ ቀልሰው ሊኖሩ ከወርቅውሃ ጋር ተነጋግረው ነበር። ቤቱ የት እንደሚሆን፣ የውሃ ሮቶው የት እንደሚቀመጥ ሳይቀር ተከራክረዋል።

ያሬድ ባለፈው ዓመት በጥቅምት ሞተ። ሆዴን አለ፣ ሆስፒታል ገባ፣ አልወጣም። የተቀበረው በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ነው።

በአርባው ቀን አማቷ ቤት ዕቃ የሚያጥቡ ሴቶች በጓሮ በኩል ተቀምጠው ነበር። ወርቅውሃ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ የሺ የምትባለው ጎረቤት ለሌላዋ ስትናገር ሰማች።

"እንግዲህ ምሰሶው ለዮሲ ሆነ ማለት ነው።"

"ለማን ይሆናል ታዲያ" አለች ሌላዋ።

በክፋት የተነገረ አልነበረም። ድስት እየፈተጉ የሚወራ ወሬ ነው። ወርቅውሃ ውሃዋን ቀድታ ተመለሰች። ባል የለም፣ ልጅ የለም፣ እንግዲህ ምሰሶም የለም ብላ አሰበች፤ ይህን ያሰበችው የሌላ ሴት ጉዳይ እንደምታስብ አድርጋ ነው። ማታውን ወደ ወልቂጤ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ቤት አልሄደችም። አማቷ ሲደውሉ ታነሳለች፣ ደህና ነኝ ትላለች፣ ሥራ በዝቶብኛል ትላለች። እየቆዩ መደወላቸውን አሳሱት።

ሐዘን እንዲህ ይሆናል ብላ የጠበቀችው ነገር አልመጣም። ክንድ ተንተርሶ የተኛ ሰው ሲነቃ ክንዱ የራሱ ሆኖ የራሱ እንደማይመስለው፣ እሷ መላ ሰውነቷ እንደዚያ ሆነ። አንድ ቀን ድንች ስትልጥ ጣቷን ቆረጠች፤ ያወቀችው ድንቹ ሲቀላ ነው። ታክሲ ውስጥ ሰው ሲስቅ አፉን ታያለች፣ ሳቁ አይደርሳትም። ሥራዋ ግን አልተጓደለም። እንዲያውም አለቆቿ "በርትታለች" አሉ። ዛፍ ፊት ቆሞ ቀጥ ያለውንና የጎበጠውን ለመለየት ልብ አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል።

የጉራጌ ዞን ለሁለት ሲከፈል ሠራተኛውም ተከፈለ። ወርቅውሃ ቡታጅራ ደረሳት። ዕቃዋን ሚኒባስ ላይ ጫነች፣ ከአስፋልቱ ገባ ያለ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየች፣ ሰኞ ሥራ ገባች። በሚቀጥለው ክረምት ማብቂያ ላይ ለምደባ የተሰጣት ጫካ የመስቃኑ ሆነ፣ ከአማቷ መንደር በላይ ያለው። የአካባቢው ሰው ማኅበር መሥርቶ ጫካውን ሊጠብቅና ከጫካው ሊጠቀም ጠይቋል። የትኛው ዛፍ እንደሚቆረጥ፣ የትኛው እንደሚቆይ አንድ በአንድ መለየት ነበረበት። ሌላ ሰው ይሂድ ማለት ትችል ነበር። አላለችም።

አብሯት የሚሠራው ሙሀመድሰይድ ነበር፤ ጡረታው የተቃረበ፣ የሰባት ልጆች አባት፣ ዳገት ሲወጣ የማያልቅ ወሬ ያለው የቡታጅራ ሰው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት የወርቅውሃን አንድ ልማድ አይቶ በእሱ ያሾፍባት ጀመር። ወርቅውሃ ጫካ መሀል ያለውን ዛፍ እንዳየችው ትቀባለች። ከሰው ጓሮ አጠገብ ያለውን ግን ባለቤቱን ሳታነጋግር ብሩሽ አታነሳም። ቤት ትገባለች፣ የሰጧትን ትቀምሳለች፣ ቀይ ምን እንደሆነ፣ ነጭ ምን እንደሆነ ታስረዳለች፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ብሩሽ ባለቤቱ ራሱ ያሳርፋል።

"አንቺ ቀለም አይደለም የምትቀቢው፣ ሽምግልና ነው የተቀመጥሽው" ይላታል ሙሀመድሰይድ።

ይህ አሠራር ያለ ምክንያት አልመጣም። ቀለም የተቀባ ዛፍ የመንግሥት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። ዛሬ ቀለም ከተቀባ ነገ መኪና ይመጣል፣ ዛፌ ይጫናል ብሎ ያስባል። ስለዚህ መኪናው ከመምጣቱ በፊት ራሱ ይቆርጠዋል። ወርቅውሃ ሥራ በጀመረችበት ዓመት፣ አይነኩም ብላ ነጭ ቀለበት ያዞረችባቸው ሁለት ዋንዛዎች ሳምንት ሳይሞላቸው ወድቀው አግኝታለች። ከዚያ ወዲህ ነው ቤት መግባት የጀመረችው።

የአቶ ወልደማርያም ጓሮ የደረሳቸው መስከረም ከገባ በኋላ ነው። ሰማዩ ጠርቷል፣ መሬቱ ግን ገና ጭቃ ነበር። ከጫካው ወደ ታች እየወረዱ፣ በእንሰቱ በኩል ያለው ጥቁር እንጨት ፊት ቆሙ።

"ወርቅዬ፣ ይሄ ጓሮ የአማትሽ አይደለም እንዴ?" አለ ሙሀመድሰይድ።

"ነው።"

"አልሐምዱሊላህ። ምሳ አለን በይኛ።"

 መጥረቢያውንና ሜትሩን አቀበለችው።

"ይሄን አንተ መድበው።"

"አንቺ እያለሽ?"

"የቤተሰብ ዛፍ ነው። እኔ የምለው ሁሉ ለራሴ ይመስላል።"

ሙሀመድሰይድ አልተከራከራትም። ወደ ኋላ አፈግፍጎ አየው። ቀርቦ ዞረው። ጥቁሩ ልጥ እንደ ተሰነጣጠቀ መሬት ነው፣ ግን አንድ ቁስል የለበትም። በመጥረቢያው ጀርባ መታው፤ ደረቅ ያለ ጠባብ ድምፅ መለሰ። ለካው። ሲጨርስ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ።

"ምን አለፋሽ ወርቅዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያየነው ሁሉ አንድ ላይ ቢሆን ይሄን አያክልም። ይሄ እናት ዛፍ ካልሆነ እናት ዛፍ የሚባል ነገር የለም።"

"እናት ዛፍ በለው።"

"እሺ፣ ባለቤቱን እንጥራቸው።"

ወርቅውሃ ወደ ቤቱ አየች። በእንሰቱ ቅጠሎች መሀል የጓሮው በር ይታያል። ክፍት ነው። ከውስጥ የሬድዮ ድምፅ ይሰማል፣ አንድ ሰው ስለ በርበሬ ዋጋ ያወራል። ብትገባ የምትቀመጥበትን ቦታ ታውቀዋለች፤ በአርባው የተቀመጠችበት፣ ግድግዳውን ተደግፋ። የሚነገራትንም ታውቀዋለች። ሽማግሌው በጨዋ ደንብ፣ ቀስ ብለው፣ ስለ ዮሲ ይነግሯታል። እሷም እሺ ትላለች።

"የሉም መሰለኝ" አለች። "ገበያ ሄደው ይሆናል።"

ሙሀመድሰይድ ወደ በሩ አየ፣ ወደ እሷ አየ። ሬድዮው ወደ ዘፈን ተሻግሮ ነበር።

"አንቺ ካልሽ" አለና የቀለሙን ክዳን ከፈተ።

ቀለበቱ ግንዱን ሲዞር ወርቅውሃ ከጎን ቆማ አየች። ነጩ ቀለም በልጡ ስንጥቆች ውስጥ ትንሽ ትንሽ ወረደ። እንግዲህ የማንም ምሰሶ አይደለም ብላ አሰበች። ደስም አላላትም፣ አልከፋትምም። ወደሚቀጥለው ዛፍ ሄዱ።

መስቀል ሲቃረብ ቡታጅራ በመኪና ተጨናነቀች። አዲስ አበባ ያለው የአገሩ ልጅ ሁሉ ሥጋና ቅቤ ተሸክሞ እየገባ ነበር። ወርቅውሃ ቢሮ ቁጭ ብላ የምደባውን ዝርዝር ስታመሳክር ሙሀመድሰይድ ከውጭ ገባ። ሁልጊዜ ገና ከበሩ ሰላምታውን የሚያሰማው ሰው ዛሬ ዝም ብሎ ወንበር ሳበ።

"ጥቁር እንጨቱን ጥለውታል" አለ። "የአማትሽን። ዛሬ ጠዋት። የማኅበሩ ጥበቃ ደወለልኝ።"

ወርቅውሃ እስክሪብቶዋን ከደነችው።

"ማን ጣለው?"

"ራሳቸው ናቸው አሉ። ሽማግሌውና ልጃቸው። ሂጂ አልልሽም፣ እኔ ብቻዬን እጨርሰዋለሁ።"

"እሄዳለሁ" አለች። የማህተሙን መዶሻ ከመሳቢያ አውጥታ ቦርሳው ውስጥ ከተተችው። በሕግ የተያዘ ግንድ ላይ የሚመታ የብረት መዶሻ ነው፣ ፊቱ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ምልክት አለ።

ባጃጁ መንገዱ እስከፈቀደለት ድረስ ወሰዳቸው። ከዚያ በጀፎረው ላይ በእግር ሄዱ፤ ጀፎረ ቤቶቹ ሁሉ በራቸውን የሚያዞሩበት ሰፊው የሣር መንገድ ነው፣ መስቀልም ሠርግም ለቅሶም የሚሆነው እዚያ ላይ ነው። በየደጁ ወንዶች የመስቀል እንጨት ይፈልጣሉ። በዚህ ሰሞን መንደሩ ውስጥ መጥረቢያ ያልሳለ ሰው የለም።

ወርቅውሃ ከቤቱ በፊት ክፍተቱን አየች። ከእንሰቱ በላይ ሁልጊዜ ጥቁር የነበረው ቦታ ሰማይ ሆኗል።

ግንዱ ጓሮው ውስጥ ተዘርግቷል። ሲወድቅ ሦስት እንሰት ይዞ ወድቋል፤ ሰፋፊ ቅጠሎቻቸው ከሥሩ ተጨፍልቀዋል። ዮሲ ቅርንጫፉን እየመለመለ ነበር፣ ነጭ የከተማ ጫማው በጭቃ ተበላሽቷል። ሁለት ጎረቤቶች ያግዙታል። አቶ ወልደማርያም ጋቢያቸውን ተከናንበው ግንዱ ላይ ተቀምጠዋል። ነጩ ቀለበት ከእግራቸው አጠገብ ነበር።

"እንደምን ዋሉ አባ" አለች፣ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

"እግዚአብሔር ይመስገን።" ትከሻዋን ይዘው ቀና አደረጓት፣ ፊቷን አዩት። "አንቺን ለማየት ዛፍ መጣል ነበረብኝ?"

ዮሲ መጥረቢያውን ተደግፎ ሳቀ። "በደህና ሰዓት መጣሽ ወርቅዬ። ሊወስዱት ነበር፣ ቀደምናቸው።"

"እነማን?"

"እነ ቀለም ናቸዋ። ዞረው ነጭ ቀብተውት ሄደዋል። ሰው እንኳ አላናገሩም፣ እንደ ሌባ በጓሮ ገብተው በጓሮ ወጡ።"

ሙሀመድሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ ነኝ ያስቀባሁት" አለች ወርቅውሃ።

ጎረቤቶቹ መመልመላቸውን አቆሙ። አቶ ወልደማርያም በደንብ ያልሰሙ መሰሉ።

"አንቺ?"

"እኔ ነኝ አባ። ነጩ ቀለበት ሊወሰድ ነው ማለት አይደለም። አይቆረጥ ማለት ነው። ማንም እንዳይነካው ነበር።"

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ቀለበቱን አዩት። ከዚያ ወደ ጉቶው ዞሩ። ጉቶው ገና እርጥብ ነው፣ ልቡ ቀላ ብሏል፣ ዙሪያውን ፍላጭ ተበትኗል። 

"ለምን ቆረጡት?" አለች። ድምፅዋ ቢሮ ውስጥ የምትጠይቅበት ድምፅ ነበር።

"ላንቺ ነዋ" አሉ። "ለማን እቆርጣለሁ? ሰሞኑን አንድ ጠዋት ፍግ ላወጣ ስወጣ ቀለሙን አየሁት። የወርቄን ምሰሶ ሊወስዱት ነው አልኩ። ልጄ የለም፣ እሷም ከዚህ ቤት መምጣቱን ትታለች፣ እሱንም ከወሰዱት የምትመጣበት ምክንያት አይኖራትም አልኩ።"

"አባባ ስልክ ላይ ሲጮህ ሱቄ ውስጥ ያለው ደንበኛ ሁሉ ሰምቶታል" አለ ዮሲ። "ከመስቀል ሦስት ቀን ቀድሜ የመጣሁት በዚህ ነው።"

"ምሰሶው ያንተ አልነበረም?"

"የኔ?" ዮሲ ወደ ጎረቤቶቹ ዞረ። "እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ምሰሶውን የት ላቁመው፣ በጎረቤቴ ሳሎን በኩል ላሳልፈው?"

ጎረቤቶቹ ሳቁ። ወርቅውሃ አልሳቀችም።

"በአርባው ቀን የሺ ለዮሲ ሆነ ስትል ሰምቻለሁ።"

"የሺ?" አሉ አቶ ወልደማርያም። "የሺ እኔ ሳልሞት ጋቢዬንም አከፋፍላለች። እኔን ጠይቃለች? አንቺስ ጠይቀሽኛል?"

"አልጠየቅሁም።"

"ያን ዕለት፣ ቀለሙ ሲቀባ፣ እኔ እቤት ነበርኩ። ሬድዮ እሰማ ነበር።" ንግግራቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ነገሩ እንዲገባቸው ፈልገው ያልገባቸው ይመስሉ ነበር። "በሩ ክፍት ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ አባ" አለች።

ከዚህ በኋላ የሚደረገውን ታውቀው ነበር። የጉቶውን ቁመት ለካች፣ የግንዱን ርዝመትና ወርዱን ለካች፣ የተቆረጠውን ፊት በእጇ ጠርጋ አየችው። ልቡ ውስጥ አንድ ጥቁር ነጥብ እንኳ የለም። ትናንት እናት ዛፍ የነበረው ዛሬ ግንድ ነው፤ ግንድ ደግሞ በሌላ መስፈርት ይመደባል። አንደኛ ደረጃ ብላ ጻፈች። ከዚያ መዶሻውን ከቦርሳው አወጣች።

"ምንድነው እሱ?" አለ ዮሲ።

"ማህተም ነው። ያለ ፈቃድ ስለተቆረጠ ግንዱ ተይዟል። መሥሪያ ቤቱ ይወስደዋል።"

"እሷ ቀብታ፣ እሷ ልትወርሰው? ወርቅዬ፣ ለማን ነው የምትከሺን? ምሰሶው ያንቺ ነው እየተባልሽ!"

"ዮሲ፣ ዝም በል" አሉ አባቱ። "እንጀራዋ ነው።"

ሙሀመድሰይድ ጠጋ አላት፤ ድምፁን ቀንሶ ተናገረ። "ሰው አልነበረም፣ ገበያ ሄደው ነበር ብለን ብንጽፍስ? ላንቺም ለእሳቸውም ይቀላል።"

"ሬድዮውን ሰምተሃል።"

"ሰምቻለሁ" አለ።

"ባለቤቱን ሳላነጋግር ያስቀባሁት እኔ ነኝ ብዬ ነው የምጽፈው። ጥፋቱ ከዚያ ነው የሚጀምረው።"

መዶሻውን አንስታ የግንዱን ፊት መታች። እርጥብ እንጨት ነበር፣ ምልክቱ በአንድ ምት ገባ። በሥሩ በኩል ያለውን ስትጨርስ ወደ ጫፉ በኩል ዞረች። ግንዱ በዚያ በኩል ከመሬት ተነስቶ ይወዛወዝ ነበር። አቶ ወልደማርያም ከተቀመጡበት ተነሱ፣ ቀርበው በሁለት እጃቸው ደግፈው ያዙላት። እየያዙላት መታችው።

"ከእንግዲህ የኔ አይደለም?" አሉ።

"አይደለም አባ።"

"ያንቺስ?"

"የኔም አይደለም።"

እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ጎረቤቶቹ መጥረቢያቸውን ይዘው ወደየደጃቸው ሄዱ፤ ያልተፈለጠ እንጨት ነበራቸው። ወርቅውሃ መዶሻውን ከተተች። መሄድ ትችል ነበር፣ ሥራው አልቋል። ሙሀመድሰይድም ቦርሳውን አንግቶ ይጠብቃት ነበር።

"እንግዲያ የሚቆረጠውን አሳዪኝ" አሉ ሽማግሌው።

"ምን አሉኝ?"

"ሥራሽ አይደለም እንዴ? ይሄ ይቆረጣል፣ ይሄ አይቆረጥም የምትዪው። በሕግ የሚቆረጠውን ለይተሽ አሳዪኝ። ቤት ያለ ምሰሶ አይቆምም።"

ዮሲ አባቱን አየ፣ ወርቅውሃን አየ፣ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ተከተላቸው። ወርቅውሃ ወደ ጓሮው ታችኛው ጫፍ መራቻቸው። እዚያ በአጥሩ ሥር ባህር ዛፎች ተደርድረዋል። አቶ ወልደማርያም ቆሙ።

"ባህር ዛፍ?"

"ባህር ዛፍ። እሱን የሚከለክልዎ የለም።"

"ለሰው ቤት? ይሰነጠቃል።"

"ቶሎ ከተላጠና በጥላ ቀስ ብሎ ከደረቀ አይሰነጠቅም።"

"ምስጥ ይበላዋል።"

"ከቡታጅራ ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት አመጣለሁ። በሚቀበረው በኩል እንቀባዋለን።"

"ጥቁር እንጨት ለይቼ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ጠብቄ፣ በባህር ዛፍ" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ያሬድ ቢሰማ ይስቅብኝ ነበር።"

"ይስቅ ነበር" አለች። ስሙን በአፏ ከጠራች ቆይታ ነበር፤ አሁንም የጠራችው እሷ አይደለችም።

ከባህር ዛፎቹ መሀል አንዱን መረጠች። ዮሲ ትከሻውን አስደግፎ ገፋ ገፋ አደረገው፣ ዕቃ እንደሚገዛ ሰው።

"ይሄ ነው? ከጎኑ ያለው አይወፍርም?"

"ያ ከላይ ጠማማ ነው። ቀና ብለህ እየው።"

ቀና ብሎ አየ። "እውነትሽን ነው" አለ። "ከመስቀል ማግሥት እጥለዋለሁ።"

ሲመለሱ ሽማግሌው ወደ ቤት አልገቡም። ከአሮጌው ቤት ጎን፣ ጀፎረውን ትይዩ ያለ ባዶ ሣር ላይ ቆመው በምርኩዛቸው መሬቱን ይጭሩ ጀመር። ከቤቱ ውስጥ የቅቤ ሽታ ይመጣል። ሙሀመድሰይድ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከዮሲ ጋር ስለ መርካቶ ወሬ ጀምሯል።

"ምሰሶው እዚህ ይቆማል" አሉ አቶ ወልደማርያም፣ ምርኩዛቸውን ተክለው። "ቤቱ ከዚህ እስከዚህ። ትልቅ አይደለም።"

"አባ፣ እንደምኖርበት አላውቅም" አለች። "እውነቱን ነው የምነግርዎ። ምንም አላውቅም አሁን።"

"ትኖሪያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅሁሽ? በሩ ወዴት ይሁን ነው የምጠይቅሽ። ደንቡ ወደ ጀፎረው ነው። ግን ብቻሽን ነሽ፤ ሰው ሲወጣ ሲገባ ባያይሽ ከወደድሽ ወደ እንሰቱ ማዞር ይቻላል። እኔ አንቺ እንዳልሽው ነኝ።"

ወርቅውሃ ወደ እንሰቱ ዞረች። እዚያ በኩል ጥላ ነው፣ ማንም አይመጣም። ወደ ጀፎረው ዞረች። አንዲት ሴት ቅጠል ተሸክማ ታልፋለች፤ አንገቷን አዙራ ወደ እነሱ አየች፣ ማን እንደመጣ ለማወቅ። የሺ ነበረች። በነጋታው መንደሩ ሁሉ ይሰማል።

"ወደ ጀፎረው" አለች ወርቅውሃ።

"ወደ ጀፎረው?"

"እንደ ሰው ሁሉ።"

 አቶ ወልደማርያም ጎንበስ ብለው በምርኩዛቸው ሣሩ ላይ የግድግዳውን መስመር ሳቡ፤ ከአንድ በኩል ጀምረው እሷ ወደቆመችበት መጡ፣ ጫማዋ ጋ ሲደርሱ አቆሙ።

"እግርሽን አንሺ" አሉ። "የበሩ ደፍ ላይ ቆመሻል።"

አነሳች።